በብርድ ወራት የማይተኙ ሸረሪቶችን ለይቶ ስለ ማወቅ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለሽማግሎች የተነገረ ንግግር



እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2018 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በእንግሊዝ አገር፤ በለንደን ከተማ በምሥራቅ በኩል የሚገኙ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ለጊዜው ተዘጉ። ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ተሰናበቱ፤ ተባይ የሚያጠፉ ሠራተኞችም ተጠርተው ገቡ። የመዘጋታቸው ምክንያት ከአንዲት የባቄላ ፍሬ የማትበልጥ ሸረሪት በግቢው መገኘቷ ነበር። ከዚያም አምስት ዓመት አስቀድሞ፤ በ2013 ዓ.ም.፤ በምዕራብ እንግሊዝ አንድ ትምህርት ቤት ስለዚህችው ሸረሪት ደጁን ዘግቶ ነበር። የሸረሪትን ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንት ግን ወሬውን በሰሙ ጊዜ፤ ሸረሪቲቱ በዚያ አገር ከመቶ ዓመት በላይ የኖረች መሆኗን አስታውሰው፤ ትምህርት ቤት እስከ መዝጋት የሚያደርስ አደጋ እንደሌለባት ተናገሩ።

ይህ ነገር ለመንደር መምህር እጅግ የሚጠቅም ትምህርት አለበት። ሕፃናቱ የትምህርት ቀናቸውን ያጡት ሸረሪቲቱ ስለ ነከሰቻቸው አይደለም፤ ታላላቆቻቸው የሸረሪቲቱን እውነተኛ ጠባይ ከወሬው ለይተው ባለማወቃቸው ነው። ያልታወቀ ነገር ያስፈራል፤ የፈራም ሰው ጠቃሚውን ከጐጂው ጋር አብሮ ይደመስሳል። ስለዚህ ይህ ንግግር በእንግሊዝ አገር አትክልት ቦታ በብርድ ወራት ሳይተኙ የሚሠሩትን ሸረሪቶች አንድ በአንድ እያነሣ፤ ምልክታቸውን ያስረዳል። በመጨረሻም ይኸው የመለየት ዘዴ በኢትዮጵያ መንደር ትምህርት ቤት እንዴት ሊሠራበት እንደሚቻል ያመለክታል።

ሸረሪትን መለየት ፊደልን ከመለየት ጋር ይመሳሰላል። ሕፃን ገና ፊደል ሲቈጥር «በ» እና «ቡ» እና «ቢ» አንድ መስለው ይታዩታል። መምህሩ ግን በእንጨት እያመለከተ፤ ቅጥያ የሌለው «በ»፤ በወገቡ ቅጥያ ያለው «ቡ»፤ በእግሩ ቅጥያ ያለው «ቢ» መሆኑን ያሳየዋል። ከዚያ ወዲያ ሕፃኑ ሳይፈራ ያነባል። ሸረሪትም እንዲሁ በትንሽ ምልክት ትለያለች። ምልክቱን ያላየ ሰው ሁሉንም «ሸረሪት» ብሎ ያልፋል፤ ያየው ግን የእያንዳንዷን ስምና ሥራ ያነባል።

አስቀድሞ አንድ ቃል መፍታት ያስፈልጋል። በአማርኛ ክረምት ሲባል ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ያለው የዝናብ ጊዜ ነው። የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ግን ክረምት የሚሉት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን የብርድ ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ በለንደን ከተማ ፀሓይ በቀን ስምንት ሰዓት ያህል ብቻ ታይታ ትጠልቃለች። ብዙዎቹ ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፈው ራቁታቸውን ይቆማሉ፤ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ አንዳንድ ቀንም እንደ ተነደፈ ጥጥ ነጭ የሆነ በረዶ ምድሩን ያለብሰዋል። በኢትዮጵያ ደጋ ግን ያው ወራት በጋ ነው፤ ሌሊቱ ቢበርድም ቀኑ ብሩህ ነው። ስለዚህ ከስሕተት ለመዳን በዚህ ንግግር ውስጥ የአውሮፓው ክረምት «የብርድ ወራት» እየተባለ ይጠራል።

ደግሞም ሸረሪት ምን እንደ ሆነች ማወቅ ይገባል። ብዙ ሰው ከዝንብና ከጕንዳን ወገን ይቈጥራታል፤ ነገር ግን ወገኗ ሌላ ነው። ዝንብና ጕንዳን ስድስት እግር አላቸው፤ ሸረሪት ስምንት እግር አላት። የእነርሱ አካል ራስ፤ ደረትና ሆድ ተብሎ በሦስት ይከፈላል፤ የሸረሪት አካል ግን ራስና ደረቷ አንድ ስለ ሆነ በሁለት ብቻ ይከፈላል። ክንፍ የላትም፤ በራሷም ላይ እንደ ቀንድ የቆመ የመዳሰሻ ጠጕር የላትም። አብዛኞቹ ሸረሪቶች ስምንት ዓይን አላቸው፤ ስድስት ብቻ ያላቸውም አሉ። በግዕዝ ስሟ ሳሬት ይባላል። ሊቃውንት እስከ 2022 ዓ.ም. በዓለም ሁሉ ስም ሰጥተው የመዘገቧቸው የሸረሪት ዓይነቶች ከ50,000 በላይ ሆነዋል፤ ከእነዚህም በብሪታንያ ደሴት የሚገኙት ከ600 ይበልጣሉ።

ሸረሪት እንደ ሰው ወይም እንደ ከብት የሰውነቷን ሙቀት ራሷ አትጠብቅም። አየሩ ሲሞቅ ትፈጥናለች፤ ሲቀዘቅዝ ትደክማለች። እንግዲህ የብርድ ወራት በመጣ ጊዜ ሸረሪቶች በሦስት ይከፈላሉ። አንደኞቹ እንቍላላቸውን በሐር ጠቅልለው ትተው ራሳቸው ይሞታሉ። ሁለተኞቹ ከዛፍ ቅርፊት በታች፤ ከድንጋይ ሥር፤ ከረገፈ ቅጠል ውስጥ ገብተው ደንዝዘው ይቈያሉ። ሦስተኞቹ ግን ብርዱ ጥቂት በቀለለ ቍጥር ወጥተው ይሠራሉ። እነዚህ በብርድ የማይሞቱበት ምክንያት አለው። ተራ ውሃ በዜሮ ዲግሪ ይረጋል፤ በብዙ ሸረሪቶች ሰውነት ውስጥ ያለው ፈሳሽ ግን፤ ብርዱ ቀስ በቀስ ሲመጣ እንደ ግሊሰሪን ያለ ነገር ስለሚጨመርበት፤ ከዜሮ በታች ወርዶም ሳይረጋ ይቈያል።

በብርድ ወራት የሚሠሩትን ከመናገር በፊት፤ በእነርሱ ቦታ በስሕተት የምትጠራውን አንዲት ሸረሪት ማንሣት ይገባል። እርስዋም የመስቀል ሸረሪት ናት፤ ሊቃውንት አራኔዎስ ዲያዴማቱስ ይሏታል። በአውሮፓ አትክልት ቦታ ሁሉ የታወቀች ናት። በሆድዋ ጀርባ ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች ተሰልፈው የመስቀል ምልክት ይሠራሉ፤ በዚህም ትታወቃለች። እንስቲቱ እስከ 18 ሚሊሜትር ትደርሳለች። ድርዋ ክብ ሆኖ እንደ ጋሪ መንኰራኵር ከመካከሉ ወደ ዳር የተዘረጉ ክሮች አሉት፤ በእነርሱም ላይ ሌላ ክር እየዞረ ይሸመናል። ሙሉ ዕድገቷን አግኝታ ጐልታ የምትታየው በመስከረም ወር ገደማ፤ በኢትዮጵያ የመስቀል በዓል በሚከበርበት ሰሞን ነው። በመከርም ብዙ መቶ እንቍላል ጥላ በቢጫ ሐር ትጠቀልለዋለች፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ ውርጩ ሲበረታ ትሞታለች። ልጆቿ በሚያዝያና በግንቦት ተፈልፍለው፤ ቢጫ ሆነው በላያቸው ጥቍር ነጥብ ይዘው፤ እንደ ትንሽ ኳስ ተሰብስበው ይታያሉ። ጣት ሲያስጠጉባቸው ይበተናሉ፤ ጥቂት ቈይተውም ይሰበሰባሉ። እንግዲህ በጥር ወር ክብ ድር ያየ ሰው «የመስቀል ሸረሪት ናት» ቢል አብዛኛውን ጊዜ ይሳሳታል። ያቺ ሞታለች፤ የሚታየው የሌላዪቱ ሥራ ነው።

ያቺም ሌላዪቱ ዚጊየላ የምትባለው ናት። ቁመቷ ከስንዴ ፍሬ ብዙ አይበልጥም፤ በጀርባዋ የቅጠል መልክ ያለው ብርማ ግራጫ ሥዕል አለባት። ነገር ግን ዚጊየላን ለማወቅ ራሷን ከማየት ይልቅ ድርዋን ማየት ይቀላል። ድርዋ ክብ ነው፤ ነገር ግን ከላይ በኩል ከድፎ ዳቦ አንድ ቍራሽ እንደ ተነሣለት ሁለት ክፍል ባዶውን ይቀራል። በዚያ ባዶ ስፍራ መካከል አንድ ክር ብቻ ከድሩ እምብርት ተነሥቶ ወደ መስኮት መቃን ስንጥቅ ይሄዳል። ሸረሪቲቱ ቀን በስንጥቁ ውስጥ ተሸሽጋ የክሩን ጫፍ በእግርዋ ይዛ ትጠብቃለች። ትንኝ በድሩ ላይ ሲወድቅ ክሩ ይንቀጠቀጣል፤ እርስዋም በክሩ ላይ ሮጣ ትይዘዋለች። ይህ የደጅ ደወል እንደ መሳብ ያለ ዘዴ ነው። ብዙ ጊዜ የምትኖረው በመስኮትና በደጅ መቃን፤ ከጣራ ክፈፍ በታች ስለ ሆነ፤ የቤቱ ሙቀት ይረዳታል፤ የመብራቱም ብርሃን ትንኞችን ይስብላታል። ስለዚህ የመስቀል ሸረሪት ከሞተች በኋላ በታኅሣሥና በጥር ሳይቀር ድርዋን ስትሠራ ትገኛለች። ይሁን እንጂ ገና ያላደጉት ልጆቿ አንዳንድ ጊዜ ክፍተት የሌለው ሙሉ ድር ስለሚሠሩ፤ መምህር በአንድ ምልክት ብቻ መፍረድ አይገባውም፤ በጀርባዋ ያለውን ብርማ ቅጠልም ማየት አለበት።

ሁለተኛዪቱ የብርድ ወራት ሸረሪት አማውሮቢየስ ትባላለች። በአሮጌ ግንብ ቀዳዳ፤ በአጥር እንጨት ስንጥቅ፤ በዛፍ ቅርፊት ሥር ትኖራለች። ቁመቷ 12 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ መልኳ ቡናማ ሆኖ በሆድዋ ላይ ፈዛዛ ሥዕል አለባት። የእርስዋ ድር እንደ መንኰራኵር የተስተካከለ አይደለም፤ በቀዳዳው አፍ ዙሪያ የተበታተነ ነው። ክሩ ገና አዲስ ሲሆን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀለም አለው፤ ሲያዩትም ባዘቶ ይመስላል። ምክንያቱም በኋላ እግርዋ ላይ እንደ ማበጠሪያ የተደረደሩ ጠጕሮች ስላሏት፤ የሚወጣውን ሐር ሴት ጥጥ እንደምታባዝት አድርጋ ታበጥረዋለች። የዚጊየላ ክር የሚይዘው በሚያጣብቅ ጠብታ ነው፤ የአማውሮቢየስ ግን ማጣበቂያ የለበትም፤ የትንኙ እግር በቀጭን ጠጕሩ ውስጥ ተጠላልፎ ይቀራል። ብርዱ በለዘበ ሌሊት በጥርም ቢሆን ከቀዳዳዋ አፍ ላይ ወጥታ ትገኛለች። በቀን ለማየት የሚፈልጉ ሰዎች፤ ሲመቱት የሚርገበገብ ባለ ሁለት ጣት ብረት ከድሩ ጋር ያነካኩታል፤ እርስዋም ትንኝ የተያዘ መስሏት ትወጣለች። ከዚህ ወገን አማውሮቢየስ ፌሮክስ የምትባለው እናት ልጆቿ ጥቂት ካደጉ በኋላ ራሷን ለእነርሱ ምግብ አድርጋ ትሰጣለች፤ እነርሱም በልተዋት በርትተው ይበተናሉ።

ሦስተኛዪቱ በዕቃ ቤት፤ በምድር ቤትና በእንጨት ክምር የምትኖረው ታላቂቱ የቤት ሸረሪት፤ ኤራቲጌና ናት። የዚህች ድር እንደ ተነጠፈ ነጠላ ሰፊ ሆኖ፤ በማእዘኑ በኩል እንደ ቀንድ ውስጥ እየጠበበ ይገባል፤ እርስዋም በጠባቡ አፍ ተቀምጣ ትጠብቃለች። እግሮቿ ረጃጅምና ጠጕራም ስለ ሆኑ ሲያይዋት ታስፈራለች። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት በቤት ወለል ላይ ሲሮጡ የሚታዩት አብዛኛውን ጊዜ እንስት የሚፈልጉ ወንዶች ናቸው፤ እነርሱም ከዚያ በኋላ ብዙ አይቈዩም። እንስቶቹ ግን በድራቸው ላይ የብርድ ወራትን ያሳልፋሉ፤ ከአንድ ዓመትም በላይ ይኖራሉ። ሰው «ብርዱ ሲመጣ ሸረሪት ከደጅ ወደ ቤት ገባች» ይላል። ነገሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ አይደለም፤ ቀድሞውኑ በቤቱ ውስጥ የነበረው ወንድ ለፍለጋ በመውጣቱ ታየ እንጂ።

አራተኞቹ እጅግ ትንንሾች ናቸው፤ ነገር ግን በብዛታቸው ሁሉን ይበልጣሉ። ሊኒፊዴ የሚባሉት ናቸው፤ በብሪታንያ ካሉት የሸረሪት ዓይነቶች ከሲሶው በላይ ከዚህ ወገን ነው። አብዛኞቹ ከኑግ ፍሬ አይበልጡም፤ መልካቸው ጥቍር ወይም ቡናማ ነው። እንግሊዞች «የገንዘብ ሸረሪት» ይሏቸዋል፤ በልብሱ ላይ ያረፈችበት ሰው ገንዘብ ያገኛል የሚል የቈየ አባባል አላቸውና። ድራቸው በሣርና በቍጥቋጦ መካከል አግድም የተዘረጋ ቀጭን ሸማ ይመስላል፤ ሸረሪቲቱም ከላዩ ሳይሆን ከበታቹ ተገልብጣ ትንጠለጠላለች። ጠዋት ጤዛ ወይም ውርጭ በወረደ ጊዜ፤ ትናንት ባዶ መስሎ የታየው መስክ በሺህ የሚቈጠር ነጭ ሸማ ተዘርግቶበት ይገኛል። ከዚህ ወገን ብዙዎቹ በብርድ ወራት ሙሉ ዕድገት ያላቸው ሆነው ይሠራሉ፤ በሰሜን አውሮፓም በበረዶ ላይ ሲሄዱ የሚታዩ አሉ።

እነዚህ ትንንሾች አንድ የሚያስደንቅ ጠባይ አላቸው። አየሩ ጸጥ ባለ ቀን ሸረሪቲቱ ወደ ሣር ጫፍ ትወጣለች፤ በእግርዋ ጫፍ ቆማ ሆድዋን ወደ ሰማይ ታነሣለች፤ ቀጭን ክርም ትለቃለች። ክሩም እርስዋን ይዞ ይነሣል። ታላቁ የተፈጥሮ መርማሪ ቻርልስ ዳርዊን በ1832 ዓ.ም. በደቡብ አሜሪካ አጠገብ በመርከብ ሲሄድ፤ ከየብስ 60 ማይል ያህል በራቀ ባሕር ላይ፤ በሺህ የሚቈጠሩ ትንንሽ ሸረሪቶች በክራቸው ተንሳፍፈው መጥተው በመርከቡ ገመዶች ላይ እንዳረፉ ጽፏል። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ መርማሪዎች፤ ነፋስ ብቻ ሳይሆን በአየር ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ኃይልም ሸረሪትን ለዚህ በረራ እንደሚያስነሣትና እንደሚያነሣት በፈተና አሳዩ።

አምስተኛዪቱ ትምህርት ቤቶቹን ያዘጋችው ናት። ስሟ ስቴያቶዳ ኖቢሊስ ነው፤ በተለምዶ «ሐሰተኛ መበለት» ትባላለች። የትውልድ አገሯ በአትላንቲክ ባሕር ያሉት የማዴራና የካናሪ ደሴቶች ናቸው። በእንግሊዝ አገር መጀመሪያ የተመዘገበችው በ1879 ዓ.ም. ቶርኪ በተባለው የባሕር ዳር ከተማ ነው። ከዚያ ወዲህ፤ ይልቁንም ካለፉት ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ጀምሮ፤ ወደ ሰሜንና ወደ አየርላንድ ተስፋፍታለች። በብርድ ወራት አትተኛም፤ በዓመቱ ወራት ሁሉ ሙሉ ዕድገት ያላት ሆና ትገኛለች፤ እንስቲቱም ብዙ ዓመት ልትኖር ትችላለች።

ምልክቷ ይህ ነው። ትልቋ እስከ 14 ሚሊሜትር ትደርሳለች። ሆድዋ ክብና የሚያብረቀርቅ ቡናማ ነው፤ ከፊት በኩል ነጣ ያለ ቀለበት ይከባታል፤ በጀርባዋም ላይ ነጣ ያለ ሥዕል አለ፤ ሥዕሉን አንዳንድ ሰዎች በራስ ቅል ይመስሉታል። እግሮቿ ቀላ ያለ ቡናማ ናቸው። ድርዋ በመስኮት ደፍ ሥር፤ በአጥር ብረት ማእዘን፤ በዕቃ ቤት ጣራ ሥር ሥርዓት የሌለው የተወሳሰበ ነው፤ ክሩ ግን ብርቱ ነው። ሁለት ዘመዶች አሏት፤ ከእርስዋም ጋር ይምታታሉ። አንደኛዪቱ ስቴያቶዳ ግሮሳ ናት፤ መልኳ የጠቈረና ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሆኖ ብዙውን ጊዜ በቤት ውስጥ ትኖራለች። ሁለተኛዪቱ ስቴያቶዳ ቢፑንክታታ ናት፤ ከሁለቱ ታንሳለች፤ ከቀድሞም ጀምሮ የአገሩ ሸረሪት ናት። ስማቸውን የሰጣቸው እውነተኛው መበለት የተባለው ሸረሪት ላትሮዴክቱስ ነው። እርሱ በሞቃት አገሮች፤ በአፍሪካም ጭምር ይገኛል፤ ከብዙዎቹ ዓይነቶቹም ከሆዳቸው በታች ቀይ ምልክት አለባቸው። ሐሰተኛዪቱ መበለት ይህ ቀይ ምልክት የለባትም።

ስለ ንክሻዋ እውነቱን መናገር ይገባል፤ ማሳነስም ማብዛትም ስሕተት ነው። ሐሰተኛዪቱ መበለት ሰውን ልትነክስ ትችላለች፤ ይህም የሚሆነው ብዙ ጊዜ በልብስ ውስጥ ወይም በእጅ ስትጨፈለቅ ነው። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ተርብ ንድፊያ ሆኖ ያልፋል፤ ጥቂት ሰዎች ግን ከዚያ የባሰ እብጠትና ሕመም አግኝቷቸዋል። በእርስዋ ንክሻ የሞተ ሰው እንዳለ አልተረጋገጠም። እንግዲህ ጥንቃቄ ይበቃታል፤ ትምህርት ቤት መዝጋት አያስፈልጋትም። በመድኀኒት የተረጨ ግቢ ደግሞ የሚያጣው እርስዋን ብቻ አይደለም፤ ዝንብና ትንኝ የሚያጠፉለትን ዚጊየላንና አማውሮቢየስንም አብሮ ያጣል።

እንዲህ ያለው ዕውቀት የታላላቅ ከተሞች ሊቃውንት ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር፤ የኦክታቪየስ ፒካርድ ካምብሪጅን ነገር ይስማ። እርሱ በ1828 ዓ.ም. ተወልዶ በ1917 ዓ.ም. የሞተ፤ በእንግሊዝ አገር በዶርሴት አውራጃ ብሎክስወርዝ የምትባል የገጠር መንደር ቄስ ነበረ። ምእመናኑን እየጠበቀ፤ በመንደሩ መስክና በአጥሩ ሥር የሚያያቸውን ሸረሪቶች መዘገበ፤ ከሌላም አገር የተላኩለትን መረመረ፤ ብዙ መቶ ለሚሆኑ አዳዲስ ዓይነቶችም ስም ሰጠ። ስለ ዶርሴት ሸረሪቶች የጻፈው መጽሐፍ በአገሩ የዚህ ትምህርት መሠረት ከሆኑት አንዱ ነው። የመንደር ሰው መሆኑ ዕንቅፋት አልሆነበትም፤ እንዲያውም በየቀኑ አንዱን ስፍራ ደጋግሞ ማየት ያስቻለው በመንደር መኖሩ ነው።

አሁን ይህ ዘዴ ወደ ኢትዮጵያ መንደር ሲመጣ አንድ ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የእንግሊዝ ሸረሪቶችን ስም ወስዶ በኢትዮጵያ ሸረሪት ላይ መለጠፍ አይገባም፤ አገሩ ሌላ፤ ዓይነቱም ሌላ ነው። የሚመጣው ስሙ ሳይሆን የአመለካከቱ ሥርዓት ነው። ክብ ድር የሚሠሩት፤ በግድግዳ ላይ እየዘለሉ የሚያድኑት፤ በምድር ላይ የሚሮጡትና እንቍላላቸውን ከኋላቸው ተሸክመው የሚሄዱት፤ በቤት ማእዘን በረጃጅም እግራቸው ተገልብጠው የሚንጠለጠሉትም በኢትዮጵያ አሉ። መምህር ተማሪዎቹን ይዞ ጠዋት፤ ጤዛው ሳይደርቅ፤ ወደ አጥሩ ሥር ቢወጣ ብዙ ድር ያገኛል። በዚያም እነዚህን ጥያቄዎች በየተራ ይጠይቅ።

አንደኛ፤ የት ትኖራለች? በሣር፤ በግንብ ቀዳዳ፤ በመስኮት ወይስ በጣራ ሥር? ሁለተኛ፤ ድርዋ ምን ይመስላል? መንኰራኵር፤ የተነጠፈ ሸማ፤ ቀንድ፤ ባዘቶ፤ ወይስ የተወሳሰበ? ወይስ ድር የላትም? ሦስተኛ፤ እርስዋ ከድሩ በየት በኩል ናት? በእምብርቱ፤ ከበታቹ ወይስ በስንጥቅ ውስጥ? አራተኛ፤ ቁመቷ በየትኛው የእህል ፍሬ ይመሰላል? አምስተኛ፤ በሆድዋ ጀርባና ከሆድዋ በታች ምን ምልክት አለ? ስድስተኛ፤ ወሩ ምንድን ነው፤ የአየሩስ ጠባይ እንዴት ነበር? ይህ ሁሉ በደብተር ከተጻፈና ሥዕሉ ከተሣለ በኋላ ነው ስም የሚፈለገው። ስሟ ባይገኝ ተማሪው «አላወቅኋትም» ብሎ ይጻፍ፤ ይህ ነውር አይደለም። ሳያይ ስም የሰጠ ግን ሁለተኛ ለማየት አይመለስም።

ልጆች ሸረሪትን በባዶ እጅ እንዳይዙ መከልከል ያስፈልጋል። እውነተኛው መበለት በአፍሪካ የሚገኝ ስለ ሆነ፤ ማንንም ሸረሪት ዓይነቷን ሳያውቁ መንካት አይገባም። በቅርብ ለማየት ሲያስፈልግ ብርጭቆ ይደፋባታል፤ ከሥርዋ ወፍራም ወረቀት ቀስ ብሎ ይገባል፤ ከታየችም በኋላ ወደ ተገኘችበት ስፍራ ትመለሳለች። መግደል አያስፈልግም። በ2017 ዓ.ም. የታተመ አንድ ምርመራ እንዳሳየው፤ በዓለም ያሉ ሸረሪቶች በዓመት ከ400 እስከ 800 ሚሊዮን ቶን የሚገመት ነፍሳትና ሌላ ትንንሽ ፍጥረት ይበላሉ። ከዚህም ውስጥ የእህልና የአትክልት ጠላት የሆነው ብዙ ነው።

ሽማግሎችም በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። ሸማኔው ድርንና ማግን፤ ሴቲቱ ባዘቶንና እንዝርትን ያውቃሉ፤ የሸረሪትም ድር በአማርኛ በዚያው በሸማኔው ቃል ይጠራል። ሕፃናት የሸረሪትን ሥራ ሲመለከቱ ከእነዚህ ባለ ሙያዎች አንዱ አብሯቸው ቢገኝ፤ የክሩን አጣጣልና የመወጠሩን ዘዴ ከመጽሐፍ ይልቅ አጣርቶ ሊያስረዳቸው ይችላል። በየቤቱም ስለ ሸረሪት የሚነገረው የቈየ ነገር ተሰብስቦ ከታየው ጋር ቢመዛዘን፤ እውነቱ ይጸናል፤ ወሬውም ይቀራል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ምሳሌ በመንደሩ ሁሉ ይታወቃል። መምህሩ ዓይቶ ቢያስረዳ፤ ሽማግሌው የሚያውቀውን ቢጨምር፤ ሕፃኑም ያየውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ቢጽፍ፤ በዚያ መንደር አንድ ቀን የማትታወቅ ሸረሪት በክፍል ውስጥ ብትገኝ፤ የሚመጣው ብርጭቆና ወረቀት ነው፤ ትምህርቱም በሰዓቱ ይቀጥላል።